የፍየል ራስ ቅል ከነቀንዱ ለግድግዳ ማዘጋጀትና ሥጋውን አብስሎ ማቅረብ፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ የሚያልቅ የቤት ሥራ

በጎጃም ከተሞችም ሆነ ገጠር፣ በዓል በዋለ ማግስት የፍየል ጭንቅላት ወይ በመጥረቢያ ተፈልጦ ድስት ይገባል፣ ወይ ከጓሮ ተጥሎ ውሻና ጅብ ይሻሙበታል። ይኸው ጭንቅላት ሰባት ሳምንት ገደማ ትዕግሥት ቢያገኝ ነጭና ንጹሕ ራስ ቅል ከነቀንዱ ይወጣዋል፤ በዋንዛ ሳንቃ ላይ ተደርጎ ለብዙ ዓመታት የሳሎን ግድግዳ ያስጌጣል። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አለመቸኮልን ነው፤ እስካሁን ተበላሽተው ያየኋቸው ራስ ቅሎች በሙሉ የተበላሹት በኃይለኛ እሳት ወይም በበረኪና፣ ማለትም በችኮላ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ በብዛት የሚሠራው በዋላ ራስ ላይ ነው። ዋላን እኛ የምናውቀው በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ወደ ውኃ ምንጮች ሲናፍቅ ነው እንጂ በአገራችን ዱር ውስጥ የለም፤ በአፍሪካ ምድር የዋላ ወገን በተፈጥሮ የሚገኘው በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። በዓባይ ሸለቆ ጥሻዎች የሚታዩት ድኩላና ሚዳቋ ወገናቸው ሌላ ነው፤ እነሱንም ያለ ፈቃድ ማደንም ሆነ ከአካላቸው የተገኘ ነገር በቤት መያዝ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው በሕግም በሃይማኖትም ምንም ጥያቄ በማያስነሣው በፍየል ላይ ነው። ከአገር ውጭ በፈቃድ ዋላ የሚያድኑ ወገኖች ግን አብዛኛውን እርምጃ እንዳለ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ የሚለይበትን ቦታ በየሥፍራው አመለክታለሁ።

ስለ እንስሳው ምርጫ

በግ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ይወቅ። የምዕራብና የምሥራቅ ጎጃም እንዲሁም የአዊ መታወቂያ የሆነው የዋሸራ በግ ወንዱም ሴቱም ቀንድ የለውም፤ ሥጋው የተመሰገነ ቢሆንም ለግድግዳ የሚሆን ራስ አይሰጥም። ቀንድ የሚፈልግ ሰው ከዓባይ በረሃ ከሚወጡት ፍየሎች ቢመርጥ ይሻለዋል። ወፍራምና የተንዠረገገ ቀንድ ያለው ያልተኮላሸ አውራ ነው፤ ሥጋው ግን ኃይለኛ ሽታ አለው። ሙክቱ ሥጋው ለስላሳና ሽታ አልባ ነው፤ ቀንዱም ቢሆን ለዓይን አያሳፍርም። ሁለቱንም፣ ሥጋውንና ራሱን ለሚፈልግ ቤተሰብ እኔ ሁልጊዜ የምመክረው ሙክቱን ነው።

ዕድሜም ከባድ ጉዳይ ነው። የወጣት ፍየል የራስ ቅል አጥንቶች ገና እርስ በርስ አልተያያዙም፣ በመዘፍዘፍ ጊዜም በየመገጣጠሚያቸው ይለያያሉ። የታችኛውን የፊት ጥርስ ከፍተው ይመልከቱ፤ ስምንቱም የወተት ጥርሶች በትልልቅ ጥርሶች የተተኩለት፣ ማለትም አራት ዓመት ገደማ የሞላው ፍየል፣ ራስ ቅሉ ጽኑ ነው። (በላይኛው ድድ ፊት ለፊት ጥርስ ባለመኖሩ አይደንግጡ፤ ፍየል በተፈጥሮው እዚያ ጥርስ የለውም።)

በሽታን በተመለከተ ግን ምንም ዓይነት መላላት አይገባም። ታሞ የሞተ ወይም ሞቶ የተገኘ እንስሳ ራስ ለዚህ ሥራ አይውልም። በተለይ ከአፍንጫውና ከአፉ ያልረጋ ደም የሚፈስሰው እንስሳ በአባ ሰንጋ የሞተ ሊሆን ስለሚችል ቢላ ሳያሳርፉበት ለእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የበሽታው ዘር በቆዳና በአጥንት ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ጊዜውን ስለ መምረጥ

ለጎጃም ደጋ ከፋሲካ የሚሻል ጊዜ የለም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያሉት ወራት የዓመቱ ሞቃት ወራት ናቸው፤ ሥጋው ከአጥንቱ የሚላቀቀውም በውኃ ውስጥ በሚራቡ ጥቃቅን ሕዋሳት በመሆኑ ሥራው ሙቀት ይፈልጋል። በገና ሰሞን ደብረ ማርቆስ ላይ የተዘፈዘፈ ራስ በሌሊቱ ብርድ ምክንያት እጥፍ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ጾም ስለሌለ፣ ሥጋውን ቀስ ብሎ በየተራ መሥራት ይቻላል። ራሱም በእነዚሁ ሃምሳ ቀናት ውስጥ ይደርሳል።

በእርድ ቀን

ለአራጁ ከእርዱ በፊት መንገር ያስፈልጋል፤ ካልነገሩት በልማዱ ራሱን በመጥረቢያ ይፈልጠዋል። ራሱ ከአንገቱ የሚለየው በመጥረቢያ ምት ሳይሆን፣ በመጀመሪያው የአንገት አጥንትና በራስ ቅሉ መካከል ባለው መገጣጠሚያ ላይ ቢላ አስገብቶ ዙሪያውን በመቁረጥ ነው። መገጣጠሚያው ከጆሮዎቹ በስተኋላ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያነቃንቁት ቦታው በጣት ይታወቃል። ጸጉሩን በእሳት መለብለብም አይገባም፤ ነበልባሉ አጥንቱን ያጠቁራል፣ ቀንዱንም ያጣምማል። የዋንጫ ሠሪዎች የበሬ ቀንድ በሙቀት አለስልሰው ቅርጽ የሚያስይዙት ቀንድ በሙቀት ስለሚታዘዝ ነው፤ ያ ጠባይ እዚህ ጉዳት ይሆናል።

በገፈፋው ጊዜ ጸጉሩን የነካ እጅ ሥጋውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ብዙዎች "የፍየል ሥጋ ይሸታል" የሚሉት ሽታ በአብዛኛው ከጸጉሩ በእጅና በቢላ ወደ ሥጋው የሚተላለፍ ነው።

ቆዳው ከራሱ ከተገፈፈ በኋላ የጉንጩን ሥጋና ምላሱን አውጥተው ለምግብ ያስቀምጡ። ዓይኖቹን፣ ጆሮዎቹንና የሚታየውን ስብ በትንሽ ስለታም ቢላ ያስወግዱ፤ አጥንቱን ግን አይፋቁ፣ የቢላ ጭረት ከነጣ በኋላ ጎልቶ ይታያል። የታችኛውን መንጋጋ ነጥለው ለብቻው ይያዙት።

ከዚያ አንጎሉ ይወጣል። አከርካሪው ከራስ ቅሉ በሚገናኝበት ትልቅ ቀዳዳ በኩል ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብተው ያማስሉ፣ ውኃ ይጨምሩ፣ ይገልብጡ፤ ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይደጋግሙ። ጓንት ያድርጉ፣ ውኃው ወደ ዓይንና ወደ አፍ እንዳይረጭ ፊትዎን ያዙሩ። አንጎሉን ጥሬውን ለውሻ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። በጎችንና ፍየሎችን አዙሪት የሚያስይዘው ትል እጭ በአንጎል ውስጥ ይኖራል፤ ውሻ ሲበላው በአንጀቱ አድጎ እንቁላሉን በግጦሽ ላይ ይበትናል፣ የጎረቤት መንጋም ይታመማል። በጉበትና በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ ከታየም እንደዚሁ ነው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ በጥልቀት መቅበር ነው።

መዘፍዘፍ

ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃል። የብረት ዕቃ ዝገቱ አጥንቱ ላይ ስለሚቀር አይሆንም። ራሱን ከነቀንዱ አስገብተው ውኃ እስኪሸፍነው ይሙሉ፤ ቀንዱ ከባልዲው ቢወጣ ግድ የለም፣ ሥሩ ብቻ ይጠመቅ። ባልዲው ቀን ፀሐይ በሚያገኝበት፣ ከቤትና ከምንጭ በራቀ ቦታ ይቀመጣል፤ በክዳኑ ላይ ከባድ ድንጋይ ይጫናል፣ ያለዚያ ሌሊት ጅብ ይወስደዋል። ሽታው ከባድ ነው፤ ጎረቤትን አስቀድሞ ማስፈቀድ ደግ ነው።

በየአራትና አምስት ቀኑ የውኃውን ግማሽ ብቻ ደፍተው በለብታ ውኃ ይተኩት። ሁሉንም መድፋት ሥራውን የሚሠሩትን ሕዋሳት አብሮ መድፋት ነው። ውኃውን ሲደፉ በወንፊት ያጥልሉ፤ የወለቀ ጥርስ ካለ እዚያ ይቀራል፣ በኋላ በየቦታው ይለጠፋል።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ይልቅ መቅበርን ይመርጣሉ። በጎጃም ቀይ አፈር ውስጥ የተቀበረ አጥንት ግን ብረት ያዘለውን የአፈሩን ቀለም ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ነጭ ማድረግ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ጉንዳንም ሥጋውን ጥሩ አድርጎ ያነሣል፣ ነገር ግን ትንንሾቹ የአፍንጫ አጥንቶች ጠፍተው ይቀራሉ።

ቀንዱን ስለ ማላቀቅ

የዋላና የፍየል ዋና ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የዋላ ቀንድ ራሱ አጥንት ሲሆን በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል፤ ስለዚህ አይላቀቅም፣ ቀለሙ እንዳይለቅም ውኃ ውስጥ አይገባም። የፍየል ቀንድ ግን ከራስ ቅሉ የበቀለ አጥንትና እሱን እንደ አፎት የሸፈነ ቀፎ ነው፤ ዕድሜ ልኩን አይወድቅም። በሁለቱ መካከል ያለው ሥጋ ካልጸዳ ትል ያፈራል፣ ሽታውም ከቤት አይጠፋም።

ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ቀፎውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጠመዘዙ ይሳቡት። እምቢ ካለ አያስገድዱት፣ ሦስት ቀን ይጨምሩለት። ከመውጣቱ በፊት ግን በቀፎውና በአጥንቱ ላይ የሚገጣጠም ምልክት በእርሳስ ያድርጉ። ቀፎው እንደ ወጣ በፈሳሽ ሳሙና ውስጡን አጥበው በጥላ ያድርቁት፤ ወደ ውኃው አይመልሱት፣ ለረጅም ጊዜ የራሰ ቀንድ በየድርቡ ይሰነጠቃል።

ውስጠኛው አጥንት ባዶና ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ውኃና ስብ ይደብቃል። ከጫፉ አንድ ሦስተኛውን በትንሽ መጋዝ ቆርጠው ቢያነሡለት ቶሎ ይደርቃል፤ ቀፎው ሲመለስ ቁርጡ አይታይም።

ሥጋውን ስለ መሥራት

ራሱ በባልዲ ውስጥ ሳለ ሥጋው ድስት ላይ ነው። የፍየል ሥጋ እንደ ዋላ ሥጋ ስብ የሚጎድለው ነው፤ ቅቤ ወይም ዘይት ካልተጨመረለትና በዝግታ ካልበሰለ ይደርቃል። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ከእርድ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሥጋ ይደርቃል፣ ጡንቻውም ይከረደዳል፤ በዚያ ሰዓት የተጣደ ሥጋ አይበስልም። ወይ ገና ትኩሱን መሥራት ነው፣ ወይ በደጋው ሌሊት ብርድ ነፋስ በሚያገኝበት ሰቅሎ እስከ ማግስቱ መጠበቅ። እኔ ለጥብስ ትኩሱን፣ ለወጥ የማግስቱን እመርጣለሁ።

ከፍታውንም ማሰብ ይገባል። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ማርቆስ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በ1,800 ሜትር ላይ ባለችው ባሕር ዳር በ94 ገደማ። ስለዚህ በቆላ በሁለት ሰዓት የሚበስል የፍየል ጭን በደጋ ሦስት ሰዓት ቢፈልግ የሥጋው ጥፋት አይደለም።

ለ2 ኪሎ የጭንና የትከሻ ሥጋ ከነአጥንቱ፣ 1 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ 150 ግራም በርበሬ፣ 200 ግራም የተነጠረ ቅቤ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻና ጨው ያዘጋጁ። ሥጋውን በሎሚ አሽተው በቀዝቃዛ ውኃ ያለቅልቁ። በደቂቁ የተከተፈውን ሽንኩርት ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ በደረቁ ያቁላሉት፤ ሲይዝ ብቻ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ ይሰጡታል። ሽንኩርቱ ቀልጦ ቡናማ መልክ ሲይዝ የቅቤውን ግማሽ፣ ከዚያ በርበሬውን ይጨምሩና በለዘብተኛ እሳት ትንሽ ትንሽ ውኃ እየሰጡ ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ያቁላሉ። ቁሌቱ ላይ የባከነ ጊዜ የለም፤ ጥሬ በርበሬ የሚሸት ወጥ ምንም ሥጋ ቢገባበት አይድንም። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከገቡ በኋላ ሥጋው ይጨመራል፣ የራሱን ውኃ አውጥቶ እስኪመጥ ድረስ ያለ ተጨማሪ ውኃ ይማሰላል። ከዚያ የፈላ ውኃ እስኪሸፍነው ጨምረው፣ ከድነው፣ እሳቱን ቀንሰው ይተዉት። ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር ሥጋውን ያጸናል፣ እሳቱንም ያስረሳል። ሥጋው ከአጥንቱ መላቀቅ ሲጀምር ቀሪው ቅቤ፣ ኮረሪማው፣ መከለሻውና ጨው ይገባሉ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይወጣል። የፍየል ሞራ ቶሎ ስለሚረጋ እንጀራው አስቀድሞ ይዘርጋ፣ ወጡ ከእሳት ወደ ገበታ ይሂድ።

ምላሱ ለብቻው በጨው ውኃ ሁለት ሰዓት ይቀቀላል፤ ትኩስ ሳለ ሻካራው ቆዳ በእጅ ይላጣል፣ ከቀዘቀዘ ግን እምቢ ይላል። ተቆራርጦ ከጉንጩ ሥጋ ጋር በቅቤ፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል ይጠበሳል። እኔ ከጠቅላላው ፍየል የምመርጠው ይህን ነው።

ዋላ ያረዱ ሰዎች ሥጋውን የሸፈነውን ነጭ ስስ ሽፋንና የራሱን ስብ ሙሉ በሙሉ አንሥተው በምትኩ የእኛን ቅቤ ቢጠቀሙ ይህ ወጥ በደንብ ይወጣል። በሰሜን አሜሪካ በዋላዎች ላይ አንጎልን የሚያጠቃ ሥር የሰደደ በሽታ ስላለ፣ የዋላ አንጎልና የአከርካሪ መቅኔ አይበላም።

ስብ ማውጣትና ማንጣት

ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ አጥንቱ ሥጋ አልባ ይሆናል። በንጹሕ ውኃ አጥበው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱት፤ በአፍንጫው ውስጥ ያሉት እንደ ወረቀት የሳሱ አጥንቶች በብሩሽ ይሰበራሉና እነሱን በውኃ ብቻ።

አሁን የሚመጣው ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ነው፤ ስብ ማውጣት። ስቡ ያልወጣለት ራስ ቅል ሲነጣ ያምራል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ቢጫ ነጥብ ያወጣል፣ አቧራም ይይዛል። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው ይዘፍዝፉት፤ ውኃው በደፈረሰ ቁጥር፣ ማለትም በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይቀይሩት። ውኃው ሳይደፈርስ ሦስት ቀን ከቆየ ስቡ አልቋል። ይህ ሁለት ሳምንት ይወስዳል ብለው ይያዙት። እሳት ላይ ጥዶ ማፍላት ስቡን መልሶ ወደ አጥንቱ ውስጥ ያሰርገዋል። የአመድ ውኃም ስብ ያጥባል፣ ነገር ግን ጠንካራ ከሆነ አጥንቱን ራሱን ያላላዋል፣ ጥርሶቹንም ያረግፋል።

ለማንጣት የሚሆነው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ነው። በፕላስቲክ ዕቃ ራስ ቅሉን እስኪሸፍን አፍስሰው፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ፣ በጥላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይተዉት። ክዳኑ ከጠበቀ የሚወጣው አየር ዕቃውን ሊያፈነዳ ይችላል። ካልተገኘ የጸጉር ሥራ ቤቶች የሚጠቀሙበት ክሬም ይሠራል፤ 20 ቮልዩም የሚባለው 6 በመቶ፣ 40 የሚባለው 12 በመቶ ነው። በብሩሽ ቀብተው በፕላስቲክ ይጠቅልሉት፣ በማግስቱ ይጠቡት፤ ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት። ቀፎው ላይ ግን እንዳይነካ፣ ቀለሙን ይነጥቀዋል።

በረኪና አይጠቀሙ። የመጀመሪያ ሥራዬን በበረኪና ነው ያነጣሁት፤ ባወጣሁት ቀን እንደ በረዶ ነጭ ነበር፣ በሁለተኛው ክረምት ግን በጣት ሲነካ እንደ ኖራ መፈርፈር ጀመረ። በረኪና አጥንቱን ያያያዘውን ነገር ይበላል፣ ከታጠበ በኋላም ሥራውን አያቆምም። ያ የአባቴ የመጨረሻ ፋሲካ ፍየል ስለነበረ፣ ይህንን ለማንም ሰው በጽኑ ከመንገር ወደ ኋላ አልልም።

መግጠምና መስቀል

ራስ ቅሉ አንድ ሳምንት በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ጥርሱ ይሰነጠቃል። የወለቁ ጥርሶችና የአፍንጫ አጥንቶች በነጭ የእንጨት ኮላ ይለጠፋሉ። ያንኑ ኮላ በሁለት እጥፍ ውኃ አቅጥነው መላውን አጥንት በስሱ ቢቀቡት ይጠነክራል፣ አቧራ ለመጥረግም ይመቻል፤ ቫርኒሽ ግን ሲቆይ ቢጫ ስለሚሆን አልመክረውም። ቀፎዎቹን በኤፖክሲ ማጣበቂያ፣ ቀድሞ ያደረጉትን ምልክት አገጣጥመው ይመልሱ፤ ክፍተት ካለ ጄሶ ይሙሉበት። የቀንዱን መልክ ለማድመቅ ጥቂት የኑግ ዘይት በጨርቅ አሽተው ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት።

ለሳንቃው ዋንዛ ይመረጣል፤ አይጣመምም፣ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። አንድ አጭር የብረት ዘንግ ከሳንቃው ወደ ፊት አውጥተው ራስ ቅሉን በኋላው ትልቅ ቀዳዳ በኩል ያንጠልጥሉት፤ አጥንቱን መብሳት አያስፈልግም። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ሚስማሩን በምርጉ ላይ ሳይሆን ከውስጥ ባለው የግድግዳ እንጨት ላይ ይምታ። የምድጃ ጭስ በማይደርስበት፣ ልጆች ቀንዱን ተንጠላጥለው በማይደርሱበት ቁመት ላይ ይሁን፤ በዓመት አንድ ጊዜ ወርዶ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል።